በደም የሚመጣ የዓይን ሕመም



ስለ ዓይን ጤና በተነገረ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ትራኮማ ነው። ይህም የሚገባ ነው። ትራኮማ በእጅ፣ በፎጣና በነጠላ፣ በዝንብም አማካይነት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ስለ ሆነ፣ ፊትን በንጹሕ ውሃ መታጠብና መጸዳጃ ቤት ሠርቶ በእርሱ መገልገል ብዙ ሰው ከዕውርነት ያድናል። በ1998 ዓ.ም. በመላ አገራችን በተደረገው የዓይን ጤና ጥናት ከመቶ ሰዎች 1.6 የሚሆኑት ዓይነ ስውራን መሆናቸው ታውቋል። ከእነዚህም እኩሌታ ያህሉን ያሳወራቸው የዓይን ሞራ ሲሆን፣ ከመቶ 11.5 ያህሉን ደግሞ ትራኮማ ነው።

ነገር ግን ውሃና ሳሙና የማይደርሱበት ሌላ የዓይን ሕመም አለ። ይህ ሕመም በአቧራ ወይም በዝንብ ከውጭ የሚመጣ ሳይሆን፣ ከሰውነት ውስጥ ተነሥቶ በደም ሥር ወደ ዓይን የሚደርስ ነው። ዓይኑ አይቀላም፤ ዓይናር አያወጣም፤ አያሳክክም፤ ብዙ ጊዜም አያምም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ደኅና ነኝ ብሎ ይቀመጣል። የዚህ ወር ጽሑፋችን ስለ እንደዚህ ያለው ሕመም ነው።

አንድ መምህርና አንድ ስሕተት

በሓድነት የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ አንድ መምህር አሉ። ስማቸውን መግለጥ አያስፈልግም፤ ታሪካቸው ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ግን እርሳቸው ራሳቸው ፈቅደዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ እኔ መጥተው፣ «ልጄ፣ የተማሪዎቹን ደብተር ሳርም ፊደሉ ይደባለቅብኛል፤ መነጽር እንዲሠራልኝ ወረቀት ጻፍልኝ» አሉኝ። ዓይናቸውን ከውጭ ተመለከትሁት፤ ንጹሕ ነበር። በዚህ ዕድሜ የቅርብ ነገር ማየት መድከሙ የተለመደ ነው ብዬ ወደ መነጽር ቤት ላክኋቸው። ከዚህ በቀር አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅሁም።

ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ሲመለሱ ልጃቸው እጃቸውን ይዞ ይመራቸው ነበር። አንድ ቀን ጧት ከእንቅልፋቸው ሲነሡ በግራ ዓይናቸው ፊት እንደ ጥቁር መጋረጃ ያለ ነገር እንደ ወረደባቸው ነገሩኝ። ያን ጊዜ ደማቸውና ሽንታቸው ቢመረመር ከፍ ያለ ስኳር ተገኘ። ሲጠየቁም፣ ሌሊት ሦስትና አራት ጊዜ ለሽንት ይነሡ እንደ ነበር፣ በክፍል ውስጥም ጠመኔውን እያስቀመጡ ውሃ መጠጣት እንዳዘወተሩ ተናገሩ። ይህ የጀመራቸውም መነጽር ሊጠይቁኝ ከመጡበት ቀን በፊት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ብጠይቃቸው ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። በውጭ አገር ስማር መምህሮቼ «ዓይንን ስትመረምር ሰውየውን ሁሉ መርምር» እያሉ ደጋግመው አስተምረውኝ ነበር፤ እኔ ግን ዓይኑን ብቻ፣ ያውም ከውጭ አይቼ አሰናበትኋቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው። የምጽፈውም ሌላው እንዳይደግመው ነው።

ዓይንና ደም እንዴት እንደሚገናኙ

ዓይን ብቻውን የሚኖር ብልት አይደለም። ብርሃን በብሌን በኩል ገብቶ ከዓይን በስተጀርባ በኩል ረቲና በሚባለው ስስ ሽፋን ላይ ያርፋል። ረቲና የተቀበለውን ምስል በዓይን ነርቭ አማካይነት ወደ አንጎል ይልካል። ይህ ስስ ሽፋን ሥራው ከባድ ስለ ሆነ ብዙ ደም ይፈልጋል፤ ደሙንም የሚያመጡለት ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች ናቸው። ስለዚህ ደምን ወይም የደም ሥርን የሚያበላሽ በሽታ ብዙ ጊዜ በረቲና ላይ ምልክቱን ይተዋል።

በ1851 (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የዓይንን ውስጥ ለማየት የሚያስችል መሣሪያ መሥራቱን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ሐኪም በብሌን በኩል ብርሃን አብርቶ ረቲናንና የደም ሥሮቹን ለማየት ቻለ። ሥጋ ሳይቀደድ የደም ሥር እንዲህ ተገልጦ የሚታይበት ቦታ ይህ ነው። በኩላሊትና በአንጎል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች እየተጎዱ መሆናቸውን ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የሚገምተው በዓይን ውስጥ ያየውን መሠረት አድርጎ ነው። እንግዲህ የዓይን ምርመራ የሚጠቅመው ለዓይን ብቻ አለመሆኑን እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

የስኳር በሽታ

የስኳር በሽታ ማለት ሰውነት ኢንሱሊን የሚባለውን ቅመም በበቂ ስለማያመነጭ ወይም በሚገባ ስለማይጠቀምበት ስኳር በደም ውስጥ መከማቸቱ ነው። ይህ የተከማቸ ስኳር ለብዙ ዓመታት የደም ሥሮችን ግድግዳ ያደክማል። በረቲና ላይ በመጀመሪያ ትናንሽ እብጠቶች ይወጣሉ፤ ቀጥሎም ደምና ውሃ ይንጠባጠባል። ፊደል የምናነብበት የረቲናው መካከለኛ ክፍል በዚህ ውሃ ሲያብጥ ጽሑፍ ይደበዝዛል። በሽታው ሲበረታ አንዳንዱ ደም ሥር ይደፈናል፤ ረቲናም ደም ሲያጣ አዳዲስ ደም ሥሮችን ያበቅላል። እነዚህ አዳዲሶቹ ደካሞች ናቸውና በቀላሉ ይፈነዳሉ። በመምህሩ ግራ ዓይን ፊት የወረደው ጥቁር መጋረጃ ይኸው የፈሰሰው ደም ነበር።

ከዚህም በቀር የስኳር ሕመምተኛ የዓይን ሞራ ከሌላው ሰው ቀድሞ ይይዘዋል። ስኳሩ ከፍና ዝቅ ሲል ደግሞ የዓይን ሌንስ ስለሚያብጥና ስለሚቀንስ፣ ዛሬ የተስማማው መነጽር በሚቀጥለው ወር አይስማማውም። መነጽሩን ቶሎ ቶሎ የሚለዋውጥ ሰው ስኳሩን ይመርመር የምንለው ስለዚህ ነው።

አስከፊው ነገር ይህ ሁሉ ሲሆን ለብዙ ጊዜ ሕመም አለመኖሩ ነው። ሰውየው ማየት ሲሳነው ጉዳቱ እጅግ ርቆ ሄዷል። የጨረር ሕክምናና ወደ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አሉ፤ ጥቅማቸው ግን ይበልጡን የቀረውን ብርሃን ማዳን እንጂ የጠፋውን ሁሉ መመለስ አይደለም። ስለዚህ በጊዜው መመርመር ከሁሉ ይበልጣል።

ስኳርን መቆጣጠር ዓይንን እንደሚያድን በጥናት ተረጋግጧል። በአሜሪካና በካናዳ 1,441 የስኳር ሕመምተኞች የተካፈሉበት፣ ውጤቱም በ1993 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ታላቅ ጥናት፣ ኢንሱሊናቸውን በጥብቅ ቁጥጥር የወሰዱት ሰዎች ረቲናቸው የመታመሙ አደጋ ከሌሎቹ ይልቅ ከመቶ 76 እጅ ያህል መቀነሱን አሳይቷል።

ይህ ነገር በእኛ ከተማ ልዩ ትርጉም አለው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ በነበረው ጦርነት ጊዜ ኢንሱሊንና ሌሎች በየቀኑ የሚወሰዱ መድኃኒቶች አልቀው እንደ ነበር በመቀሌ የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች በዚያን ጊዜ በይፋ ተናግረዋል። መድኃኒቱ የተቋረጠባቸው ብዙ ሰዎች ሕይወታቸውን ይዘው ያንን ጊዜ አልፈዋል፤ መድኃኒታቸውንም እንደገና ጀምረዋል። ነገር ግን ስኳርና የደም ግፊት ያለ ቁጥጥር የቆዩበት ጊዜ በረቲና ላይ ያደረሰው ጉዳት መድኃኒቱ ስለ ተጀመረ ብቻ አይጠፋም። ስለዚህ በዚያን ጊዜ መድኃኒት የተቋረጠበት ሰው ሁሉ፣ ዛሬ ደኅና አያለሁ ቢልም እንኳ፣ የዓይኑን ውስጥ ሳያስመረምር መቅረት አይገባውም።

የደም ግፊት

የደም ግፊትም እንደ ስኳር በዝምታ የሚሠራ በሽታ ነው። የግፊቱ ልክ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሲቆይ የረቲና ደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ግድግዳቸውም ይወፍራል። አንዳንድ ጊዜ ደሙን ከዓይን የሚመልሰው ሥር በድንገት ይዘጋና በአንድ ቀን ውስጥ የአንድ ዓይን ማየት ይደክማል። ግፊቱ እጅግ ሲያይል ደግሞ የዓይን ነርቭ ያብጣል፤ ይህ ያለ መዘግየት ሆስፒታል መድረስን የሚጠይቅ አደጋ ነው። የአንድ ዓይን ብርሃን ለጥቂት ደቂቃ ጠፍቶ ቢመለስም ነገሩን መናቅ አይገባም፤ ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር መታመሙን የሚያስጠነቅቅ ምልክት ሊሆን ይችላልና።

ነፍሰ ጡር ሴትን በተለይ እናስብ። እርግዝናዋ አምስት ወር ካለፈ በኋላ ብርቱ ራስ ምታት ቢይዛት፣ ዓይኗ ቢደበዝዝባት ወይም ብልጭ ብልጭ የሚል ብርሃን ቢታያት፣ ይህ በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ትወሰድ። እስከ ነገ ማቆየት ለእርሷም ለልጇም ያሰጋል።

የምግብ ጉድለትና ዳፍንት

አባቶቻችን ዳፍንት ብለው የሚጠሩት፣ ቀን ደኅና እያየ ሲመሽ ዓይንን የሚይዝ በሽታ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቫይታሚን ኤ ጉድለት ነው። ረቲና በጨለማ ለማየት ይህን ቫይታሚን ይፈልጋል። ሲጎድልበት ሕፃኑ በምሽት ዕቃ ይደናቀፋል፤ ከጓደኞቹ ጋር መጫወቱን ትቶ ከእናቱ ቀሚስ አይለይም። ቀጥሎም የዓይኑ ነጭ ክፍል ይደርቃል፤ እንደ አረፋ ያለ ነጭ ነጥብ ይታይበታል። በመጨረሻ ብሌኑን የሚሸፍነው ግልጽ ክፍል ቆስሎ ይበሳሳል። ይህ የመጨረሻው ደረጃ በተለይ ኩፍኝ የያዘውን ሕፃን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያሳውረው ይችላል። ስለዚህም ኩፍኝ ለያዘው ልጅ በጤና ተቋም ቫይታሚን ኤ በተከታታይ ሁለት ቀን ይሰጠዋል።

መከላከያው በእጃችን ነው። የእናት ጡት፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ዱባ፣ ፓፓያ፣ እንቁላል፣ ወተትና ጉበት ይህን ቫይታሚን ይሰጣሉ። ከዚህም ሌላ ከ6 እስከ 11 ወር ላሉ ሕፃናት 100,000፣ ከ12 እስከ 59 ወር ላሉት ደግሞ 200,000 ዓለም አቀፍ መለኪያ የሆነ ቫይታሚን ኤ በየስድስት ወሩ በአፍ ይሰጣል። ወላጆች ይህን እንዳያስቀሩ መምህራን ቢያስታውሱልን ትልቅ ርዳታ ነው።

ተላላፊ በሽታዎችና መድኃኒቶቻቸው

ከተላላፊ በሽታዎችም ዓይንን የሚነኩ አሉ። ቂጥኝ ካልታከመ ረቲናንና የዓይን ነርቭን ያቃጥላል፤ ከእናት ወደ ልጅም ይተላለፋል። ነገር ግን በፔኒሲሊን የሚድን በሽታ ስለ ሆነ ነፍሰ ጡር ሁሉ ደሟን መመርመር ይገባታል። የሥጋ ደዌ የዓይንን ቆብ የሚዘጋውን ነርቭ ያደክማል፤ ዓይኑንም ያደነዝዛል። ሕመምተኛው አሸዋ ቢገባበት እንኳ ስለማይሰማው ዓይኑ ሳያውቀው ይቆስላል።

አልማዝ ባለጭራ በግንባርና በአፍንጫ ጫፍ ላይ ሲወጣ ዓይንን ሊይዝ ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። በወጣት ሰው ላይ ከወጣ ደግሞ የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው። የኤች አይ ቪ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ካቋረጠና የሰውነቱ መከላከያ እጅግ ከወረደ፣ ረቲናን የሚበላ ሌላ ቫይረስ ሊነሣበት ይችላል።

መድኃኒትም ዓይንን የሚነካበት ጊዜ አለ። ለሳንባ ነቀርሳ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ኤታምቡቶል በጥቂት ሰዎች ላይ የዓይንን ነርቭ ይጎዳል። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ዓይኑ ቢደበዝዝበት ወይም ቀዩን ከአረንጓዴው መለየት ቢያቅተው በዚያው ቀን ለጤና ባለሙያው ይንገር፤ ቶሎ ከታወቀ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ኮርቲዞን ያለበት የዓይን ጠብታም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለብዙ ጊዜ ሲጨመር የዓይን ግፊትንና የዓይን ሞራን ያመጣል። ቅላቱን ለጊዜው ስላጠፋ ብቻ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ መጨመር ዓይንን በገንዘብ እንደ ማሳወር ነው።

መምህር በክፍሉ ውስጥ ምን ሊያይ ይችላል

መምህር የልጆችን ፊት በየቀኑ ስለሚያይ ከሐኪም ቀድሞ ብዙ ነገር ሊያስተውል ይችላል። የዓይኑ ነጭ ክፍል ቢጫ የሆነ ልጅ የጉበት ሕመም፣ ማለት በተለምዶ የወፍ በሽታ የሚባለው፣ ይዞት ሊሆን ይችላል። የታችኛው ቆብ ውስጡ ቀይ መሆኑ ቀርቶ የገረጣ እንደ ሆነ የደም ማነስን ያመለክታል። ዓይኑ ወደ ውጭ የፈጠጠ፣ ከዚያም ጋር የሚከሳና እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው የእንቅርት ዕጢው ከልክ በላይ እየሠራ እንደ ሆነ ያሳያል። ሰሌዳው አይታየኝም የሚል ልጅ ሁልጊዜ ሰነፍ አይደለም፤ ቶሎ ቶሎ ለሽንት ፈቃድ የሚጠይቅ፣ ብዙ ውሃ የሚጠጣና እየከሳ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የስኳር በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለነገ ሳይባል ወደ ሐኪም መላክ አለበት።

ምን እናድርግ?

1ኛ/ ስኳር እንዳለበት የታወቀ ትልቅ ሰው፣ በሽታው በታወቀበት ጊዜና ከዚያም በኋላ በየዓመቱ፣ ብሌንን የሚያሰፋ ጠብታ ተጨምሮለት የዓይኑን ውስጥ ያስመርምር። በልጅነቱ ኢንሱሊን የጀመረ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ይህን መመርመር ይጀምር። የስኳር ሕመምተኛ የሆነች ሴት ስታረግዝ በመጀመሪያዎቹ ወራት ትመርመር።

2ኛ/ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሰው ሁሉ፣ ምንም ባያመው፣ የደም ግፊቱንና የስኳሩን ልክ ይወቅ። መነጽር ለማሠራት ሲሄድም ይህን አስቀድሞ ያስመርምር።

3ኛ/ መድኃኒት ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ አይገባም። ስኳርና የደም ግፊት የሚሻሉት መድኃኒቱ ስላለ ነው።

4ኛ/ ለታመመ ዓይን የቅጠል ጭማቂ መጨመርና ቅንድብን መብጣት ይቅር። እነዚህ ነገሮች ከውስጥ የመጣውን ሕመም ፈጽሞ አይነኩትም፤ ዓይኑን ግን ሊያቆስሉትና ሊያመረቅዙት ይችላሉ፤ ከሁሉም በላይ ወደ ሐኪም የሚሄዱበትን ጊዜ ያባክናሉ።

5ኛ/ በዓይን ፊት መጋረጃ ሲወርድ፣ ጥቁር ነጠብጣብ እንደ ዝንብ በድንገት ሲበዛ፣ ብልጭታ ሲታይ ወይም አንድ ዓይን በድንገት ሲጠፋ፣ ለነገ ሳይባል ወደ ሆስፒታል ይኬድ። በመቀሌ የዓይደር ሆስፒታል፣ በአቅራቢያችንም በዓይን ሕክምና ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የታወቀው የኲሓ ሆስፒታል አሉልን።

6ኛ/ ዓይንን ለማወቅ ቀላሉ ፈተና ይህ ነው፤ አንዱን ዓይን በእጅ መዳፍ ከድኖ በሌላው ብቻ ማንበብ፣ ከዚያም ማፈራረቅ። ብዙ ሰው ሁለቱን ዓይን አብሮ ስለሚጠቀም የአንዱን መድከም አያውቅም። በወር አንድ ቀን ይህን ማድረግ ምንም ወጪ የለበትም። ይህ ፈተና ግን በ1ኛው ተራ የተነገረውን የሐኪም ምርመራ አይተካም።

መምህሩ ግራ ዓይናቸው ዛሬም ከጥላ በቀር አያይም። ቀኝ ዓይናቸው ግን በጨረር ሕክምና ተርፎላቸዋል፤ ስኳራቸውንም በጥንቃቄ ይከታተላሉ። አሁንም ያስተምራሉ፤ ደብተር ሲያርሙ ወረቀቱን ወደ ቀኝ ያዘነብሉታል። በየዓመቱ በትምህርት መክፈቻ ለተማሪዎቻቸው ወላጆች ሁለት ጥያቄ እንደሚያቀርቡ ነግረውኛል፤ «ስኳራችሁን ተመርምራችኋል? ዓይናችሁንስ?» ይላሉ። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ መነጽር የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ትነሣለህ ብዬ ሳልጠይቅ አላሰናብትም። እናንተም ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ በቤታችሁ ስኳር ወይም የደም ግፊት ያለበትን ሰው አስታውሱ፤ ዓይኑን የተመረመረበትንም ቀን ጠይቁት። ቀኑን የማያስታውስ ከሆነ በዚህ ሳምንት ይዛችሁት ሂዱ።